ልጃችንን ከሜዳ ያስወጣችው አሰልጣኝ

የምንባብ ክፍል፦ ሕዝቅኤል 34፥1-16፤ 1ኛ ጴጥሮስ 5፥1-4



ዛሬ የምናካፍላችሁን ትምህርት ጌታ ያስተማረን በኮንፈረንስ ላይ ወይም በጾም ጸሎት ጊዜ አይደለም። በበረዶ ሆኪ አዳራሽ ውስጥ፣ ካፖርታችንን ደርበን፣ ቡናችንን ይዘን በተቀመጥንበት ነው። ቶሎም አልተቀበልነውም። መጀመሪያ ተቆጣን፣ ቀጥሎ አፈርን፣ ያመሰገንነው በመጨረሻ ነው።

እኛ በሚኒሶታ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ሁለታችንም ያደግነው ጨዋታ ሲባል እግር ኳስ በሚታሰብበት አገር ነው። በረዶ ስንል የምናውቀው በክረምት ከሰማይ ሲወርድ ሮጠን እየለቀምን አፋችን ውስጥ የምንጨምረውን ነበር። እዚህ ግን ብርዱ ሲበረታ ሐይቁ ሁሉ ይረጋል፣ ሕፃናት መራመድ እንደ ጀመሩ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ይደረግላቸዋል። ልጃችን ሁለተኛ ክፍል ሳለች አንዲት የክፍል ጓደኛዋን አይታ "እኔም ሆኪ መጫወት እፈልጋለሁ" አለችን። ይወጣላታል ብለን አንድ ዓመት ጠበቅን። አልወጣላትም። ከቤተ ክርስቲያን ወገኖች መካከል "ሴት ልጅ ዱላ ይዛ በበረዶ ላይ?" ብለው የሳቁብን ነበሩ። የምንነግራችሁ ነገር በሆነበት ዓመት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ከ12 ዓመት በታች በሆኑ ሴቶች ቡድን ውስጥ ትጫወት ነበር።

የተነበበልን ወረቀት

ቡድኖቹ በጥቅምት ወር ከተመደቡ በኋላ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የመሰለን ስለ ክፍያና ስለ ማሊያ የሚወራ ነበር። አሰልጣኟ ግን አንድ አንድ ወረቀት አደለችንና "ይህ እኔ የፈረምኩት ነው። ከእኔ ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ አብረን እናንብበው" አለች።

ይህች ሴት ደመወዝ የላትም። ቀን በሌላ ሥራ ትውላለች፤ ማታና ቅዳሜ እሑድ ልጆች ታሠለጥናለች። በዚህ አገር የልጆች ሆኪ በአብዛኛው የሚኖረው እንዲህ ባሉ በጎ ፈቃደኞች ነው። እኛም ልጅ በነጻ ለማሠልጠን የመጣ ሰው ይመሰገናል እንጂ ምን ይጠየቃል የሚል አሳብ ነበረን። ወረቀቱ ግን ብዙ ይጠይቃል።

አሰልጣኝ ከልጆች ጋር በረዶው ላይ ከመውጣቱ በፊት በአገር አቀፉ ማኅበር በዩኤስኤ ሆኪ መመዝገብ፣ የወንጀል ታሪኩ መመርመር፣ ሴፍስፖርት የሚባለውን የልጆች ጥበቃ ትምህርት መውሰድ፣ የአሰልጣኝነት ኮርስና የሚያሠለጥነውን ዕድሜ የሚመለከት ትምህርት መማር አለበት። በልምምድ ጊዜ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ እርሱም የራስ ቁር ያደርጋል። ልጆች በመልበሻ ክፍል ሲሆኑ የተመረመረ ትልቅ ሰው ይጠብቃቸዋል፤ እዚያ ውስጥ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ፈጽሞ ክልክል ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ሰው በማያይበት ቦታ ብቻውን አይሆንም። ለብቻ መነጋገር ካስፈለገ ሌሎች በሚያዩበትና ሊገቡ በሚችሉበት ቦታ ይሁን። ለልጅ መልእክት ሲልክ ወላጅ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው እንዲያየው አድርጎ ይላክ።

ከዚያ ከበድ ያለው መጣ። አሰልጣኙ ልጅ እየተጎዳ ነው ብሎ ከጠረጠረ፣ በቤትም ይሁን በቡድኑ ውስጥ፣ በራሱ መርምሮ አይወስንም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕግ አካል ያሳውቃል። ይህ የማኅበሩ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ከሕጉ በስተኋላ ትልቅ ኀዘን አለ። የአገሪቱ የጂምናስቲክስ ቡድን ሐኪም የነበረ ሰው ለብዙ ዓመታት ልጃገረዶችን ሲበድል፣ የሰሙ ሰዎች ዝም ማለታቸው ሲገለጥ ነው አገሩ የነቃው።

የቀረውም እንዲህ የሚል ነበር፦ ለእያንዳንዱ ልምምድ ተዘጋጅቶ መምጣት፤ ከልጆቹ ቀድሞ መድረስና የመጨረሻዋ ልጅ ወላጅ ሳይመጣ አለመሄድ፤ ደካማዋንም ብርቱዋንም በአግባቡ ማጫወት፤ ልጅን በሰው ፊት አለማዋረድ፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ጎረምሶች የሆኑትን ዳኞች ማክበር። ለወላጆችም አንድ ነገር ተጽፏል። በጨዋታ የተከፋ ወላጅ 24 ሰዓት ሳያልፍ አሰልጣኙን አያነጋግርም፤ ቁጣው ይብረድለት። ከወረቀቱ ውስጥ "ማሸነፍ" የሚለውን ቃል ፈለግን፤ አላገኘነውም።

በስብሰባው መጨረሻ የመልበሻ ክፍል የሚጠብቁ እናቶች ተፈለጉ፤ ከሁለታችን እናትየዋ እጇን አወጣች። በማግስቱ የምርመራ ቅጽ ተላከልን። እውነቱን እንናገር፤ ከፋን። እኛ በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች አገልግሎት አስተባባሪዎች ነን። "ሌባ መሰልናቸው እንዴ?" አልን። ቅጹን የላከችውን ሴት ስንጠይቃት "እናንተን ስለ ጠረጠርን አይደለም፤ ማንንም ሳንለይ ሁሉን እንጠይቃለን። ያለዚያ ክፉው ሰው ከጥሩዎቹ መሐል ገብቶ ይደበቃል" አለችን። ቅጹን ሞላን፤ ልባችን ግን አልረካም።

ያ ቅዳሜ

ወራት አለፉ። ያቺን አሰልጣኝ ከዳር ሆነን እናያት ነበር። ልጅ ስታነጋግር በአንድ ጉልበቷ በረዶው ላይ ትንበረከካለች፤ ዓይን ለዓይን እንዲተያዩ። ግብ ጠባቂዋ ስድስት ግብ በገባባት ቀን መጀመሪያ የሄደችው ወደ እርሷ ነበር። ጎበዟን ልጅ አብዝታ አታሞግስም፤ ዘገምተኛዋንም አትረሳም። እኛም በልባችን "ደግ ናት፤ ግን ትንሽ ላላ ትላለች" እንል ነበር።

በጥር ወር የሁለት ቀን ውድድር ተደረገ። ልጃችን በዚያ ሰሞን ጥሩ ትጫወት ስለ ነበር ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ቤተሰብ ጋብዘን መጣን። ከሳቁብን ሰዎች አንዱም አብሮ ነበር። በእርሱ ፊት ልጃችን ግብ ብታገባ ምን ያህል ደስ እንደሚለን አሁን ስንናገረው ያሳፍረናል።

ውጤቱ ሁለት ለሁለት ነበር። ዛምቦኒ የሚሉት መኪና በረዶውን አለስልሶ ወጣ፤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተጀመረ። በሴቶች ጨዋታ በትከሻ መግጨት አይፈቀድም፤ በወንዶችም ቢሆን የሚፈቀደው ከ14 ዓመት በታች ከሚባለው ክፍል ጀምሮ ነው። በረዶ ግን በረዶ ነው። ልጃችንና አንዲት የተቃራኒ ቡድን ልጅ ፓኩን ሲያሳድዱ እግራቸው ተጠላለፈ፤ ልጃችን ተንሸራታ ሄዳ ጭንቅላቷ ከዙሪያው ግድግዳ ጋር ተጋጨ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ።

ጥቂት ቆይታ ተነሣች። ጓደኞቿ ዱላቸውን በረዶው ላይ እየመቱ አበረታቷት። ወደ ተቀያሪዎች ወንበር ስትሄድ በመስታወቱ ውስጥ አየችን። አውራ ጣታችንን ወደ ላይ አድርገን "ደህና ነሽ?" አልናት። እርሷም አውራ ጣቷን አነሣች። እኛም ለእንግዶቻችን "ደህና ናት፤ ብርቱ ናት" አልን።

አሰልጣኟ በጉልበቷ ተንበርክካ አነጋገረቻት። ከዚያ የራስ ቁሯን አወለቀችላትና ከወንበሩ ኋላ፣ ልጅቱ ከማትደርስበት ቦታ አስቀመጠችው። ልጃችን አጎንብሳ ማልቀስ ጀመረች። ጨዋታው ያለ እርሷ ቀጠለ።

ከሁለታችን አባትየው ደረጃውን ወርዶ ሄደ፤ እናትየዋም ተከተለችው። የ24 ሰዓቱን ሕግ ረሳነው። "ደህና ናት እኮ! ራሷ ነግራናለች። ተመልከቺ፣ ቆማ ነው የመጣችው። ለምን ታስቀምጫታለሽ?" አልን። አሰልጣኟ ዓይኗን ከበረዶው ሳትነቅል እንዲህ አለችን፦ "ዛሬ አትጫወትም። የሐኪም ወረቀት ሳላይ ነገም አትጫወትም። ልትቆጡኝ ትችላላችሁ፤ ነገ እንነጋገራለን። አሁን ግን እባካችሁ አጠገቧ ቁጭ በሉ።"

እኛ አልሰማናትም፤ የልጃችንን እጅ እንኳ አልያዝንም። ወደ ቦታችን እየተመለስን በአማርኛ ያወራነውን እንናዘዝላችሁ። "የራሳቸው ልጅ ብትሆን ያስወጧት ነበር?" አልን። በዚህ አገር እንደ እኛ ያለ ሰው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅበት ምክንያት እንዳለው ታውቃላችሁ። በዚያ ቀን ግን ጥያቄውን ያነሣነው ፍትሕ ስለ ጠማን አልነበረም፤ በእንግዶቻችን ፊት ስለ ተዋረድን ነው። ቡድኑ ሦስት ለሁለት ተሸነፈ።

"እናንተ ግን ሰው ጋብዛችኋል"

ማታ ልጃችን እራት አልበላም አለች። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ ብላ መብራት አስጠፋችን። ከዚያ አስታወከች። ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘናት ሮጥን።

ሐኪሙ መርምሯት ኮንከሽን እንደሆነ ነገረን፤ በምቱ ኃይል አንጎል ውስጥ የሚደርስ መናወጥ ማለት ነው። ከውጭ ቁስል አይታይም፤ ልጅ ቆሞ ሊሄድ፣ ሊስቅም ይችላል። ሐኪሙ በእርጋታ የነገረን አንድ ነገር ግን አጥንታችን ድረስ ገባ። የመጀመሪያው መናወጥ ሳይድን ጭንቅላት ሁለተኛ ቢመታ ጉዳቱ ሊከፋ፣ ለሕይወትም ሊያሰጋ ይችላል። "ከጨዋታው ያስወጣት ሰው ማን ነው?" ብሎ ጠየቀን። "አሰልጣኟ" አልን። "መልካም አደረገች" አለ። ሁለታችንም ወለሉን አየን።

ኋላ ስናነብ ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደ መጣ ተረዳን። እ.ኤ.አ. በ2006 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ዛከሪ ላይስቴት የሚባል የ13 ዓመት ልጅ በአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ጥቂት አርፎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ከጨዋታው በኋላ ወደቀ፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። በሕይወት ተረፈ፤ ነገር ግን እንደገና ለመናገርና ለመቆም ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል። በ2009 ያ ክፍለ ግዛት በስሙ የሚጠራ ሕግ አወጣ፤ የራስ ጉዳት የተጠረጠረበት ልጅ ከጨዋታ ይውጣ፣ ያለ ሐኪም ፈቃድም አይመለስ የሚል። የእኛ ሚኒሶታም በ2011 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክፍለ ግዛቶቹ ሁሉ ተከተሉ። ያ ልጅ በተመታበት ቀን ምንም ያልታየባቸው አዋቂዎች በዙሪያው ነበሩ። እኛም በዚያ ቅዳሜ ምንም ያልታየን አዋቂዎች ነበርን።

ከሁሉ ይልቅ የሰበረን ግን ይህ አይደለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መብራቱ ደብዘዝ ባለበት ክፍል ውስጥ ልጃችን "ለአሰልጣኜ ራሴን አሞኛል ብያት ነበር" አለችን።

"ታዲያ ለእኛ ለምን ደህና ነኝ አልሽን፣ የኔ እናት?"

ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "እሷ እንደማትቆጣ አውቃለሁ። እናንተ ግን ሰው ጋብዛችኋል።"

ወገኖች፣ ብዙ ስብከት ሰምተናል። እንደዚህ ዓረፍተ ነገር ያለ ተግሣጽ ግን አልሰማንም።

ራሳቸውን ያሰማሩ እረኞች

በዚያ ሳምንት ልጃችን በጨለመ ክፍል ስታርፍ እኛ ሕዝቅኤል 34ን ደጋግመን አነበብን። ነቢዩ የእስራኤልን እረኞች የሚወቅስበት ነገር በግልጽ ተጽፏል። መንጋውን ሳይሆን ራሳቸውን ያሰማሩ ነበር። የደከመውን አላጸኑም፣ የታመመውን አላከሙም፣ የተሰበረውን አልጠገኑም። ይህን ክፍል ሁልጊዜ ስለ ሐሰተኛ አገልጋዮች ስንሰብክበት ነበር። በዚያን ሳምንት ግን ስለ እኛ ሆነ። ከልጃችን ጨዋታ የምንበላው ነገር ነበረን፤ ክብራችንን፣ "ልጃቸውን አያችሁ?" መባልን። ልጅቱ ይህን ስላወቀች ሕመሟን ዋጠችው። እረኛ ከበጉ መብላት ሲጀምር በጉ ቁስሉን ይደብቃል።

ሐዋርያው ጴጥሮስም ለሽማግሌዎች ሲጽፍ የእረኝነትን መለኪያ አስቀምጧል። በግድ ሳይሆን በፈቃድ፣ ለጥቅም ሳይሆን በበጎ ልብ፣ በመንጋው ላይ በመግዛት ሳይሆን ምሳሌ በመሆን። የእረኞች አለቃ ሲገለጥ የማይጠወልግ አክሊል እንዳለም ይነግራቸዋል። ያቺ አሰልጣኝ ስለ እምነቷ ምን እንደምትል አናውቅም፤ ጠይቀናትም አናውቅም። ነገር ግን ያለ ደመወዝ፣ በፈቃዷ፣ ጨዋታው በእጇ እያለ፣ ወላጆች እየጮኹባት የአንዲትን ልጅ ጭንቅላት ከዋንጫ አስበልጣለች። ኢየሱስ ስለ ሳምራዊው ሲናገር ካህኑንና ሌዋዊውን ያሳፈራቸው በዚህ መንገድ አልነበረምን?

አሰልጣኝ ልጅን የሚወስደው ለአንድ ሰዓት አይደለም፤ አደራ ነው የሚቀበለው። በባህላችን አደራ ከባድ ቃል ነው፤ "አደራ በላ" ከመባል የሚከፋ ስድብም ጥቂት ነው። ልጆቹ የወላጆቻቸው አደራ ናቸው፤ ከዚያም በላይ የእግዚአብሔር ናቸው። ከእነዚህ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው ምን እንደሚጠብቀው ጌታ በማቴዎስ 18 የተናገረውን ሳይንቀጠቀጥ የሚያነብ ማን ነው?

መባውን ሁለት ሰው ይቆጥራል

ጌታ ግን በዚህ አላቆመም። በቀጣዩ እሑድ እንደ ልማዳችን ከምንከራየው አዳራሽ ምድር ቤት ልጆቹን ሰብስበን ስንቆም ወረቀቱ ትዝ አለን።

አስተማሪ የምንመርጠው እንዴት ነበር? "ማን ፈቃደኛ ነው?" እንላለን፤ እጁን ያወጣው ያስተምራል። በአንዱ ክፍል አንድ ሰው፣ በሩ ዝግ፣ በሩም መስኮት የለውም። የትኛው ልጅ ለውዝ እንደማይስማማው፣ የማን ወላጅ ስልክ ስንት እንደሆነ በወረቀት የያዘ የለም። ልጅ ለመውሰድ የመጣ ሁሉ ይወስዳል። በልባችን የልጆች አገልግሎት ማለት አዋቂዎቹ በሰላም እንዲያመልኩ ልጆቹን ጸጥ ማድረግ ነበር። ጎማ በዱላ ለሚያሳድዱበት ጨዋታ ያን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ የዘላለም ሕይወት ቃል ለምናስተምራቸው ምን ያህል ይገባ ነበር!

ነገሩን ለሽማግሌዎቻችን አቀረብን። ቀላል አልነበረም። "ይህ የፈረንጅ ሥርዓት ነው፤ እኛ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን" ያሉ ነበሩ። የተናገሩት ሐሰት አልነበረም። ልጅ የመንደሩ ሁሉ በሆነበት፣ ጎረቤት በሚያበላውና በሚቀጣው አገር አድገናል፤ ያም በረከት ነበር። ነገር ግን እዚያም ቢሆን በዝምታ የተጎዱ ልጆች እንደ ነበሩ ማናችንም አንስተውም። መተዋወቃችን አፋቸውን የዘጋባቸውም ነበሩ።

ያን ጊዜ አንዲት እናታችን፣ ዘወትር ከኋላ ተቀምጠው የሚጸልዩ፣ ቀስ ብለው ጠየቁ። "ልጆቼ፣ መባውን የሚቆጥረው ስንት ሰው ነው?" "ሁለት፣ እማማ" ተባሉ። "ለምን ሁለት ሆነ? ሌቦች ስለሆኑ ነው?" "አይደለም፤ ነገሩ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ንጹሕ እንዲሆን ነው።" "ታዲያ ልጆቹ ከገንዘቡ ያንሳሉ?" አሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ለቅዱሳን የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን ያልያዘው ለዚሁ ነበር። በዘዳግም 22፥8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው እንዳይወድቅ። መከታ የሚሠራ ሰው እንግዶቹን አይጠረጥርም፤ የወዳጁ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን ይጠነቀቃል እንጂ።

ዛሬ በየክፍሉ ሁለት አስተማሪዎች አሉ፤ በሮቹም ክፍት ሆነው ይውላሉ። አስተማሪዎች ሁሉ፣ እኛን ጨምሮ፣ ምርመራውን አልፈናል። የወላጆች ስልክና የልጆች ሕመም ተጽፎ ይቀመጣል። አንድ ወንድም ግን ቅጹን ስንሰጠው ተቀይሞ አገልግሎቱን ትቷል። ዛሬም እንጸልይለታለን፤ ያን ቅሬታ እኛም በራሳችን ልብ አይተነዋልና አንፈርድበትም። ወረቀት እረኛ እንደማያደርግም ተምረናል። ቅጹን ሁሉ ሞልቶ ልጅን የማይወድ ሰው ይኖራል። ነገር ግን "እወዳቸዋለሁ" እያለ በሩን ዘግቶ፣ ሳይዘጋጅ፣ ሳይጠየቅ መኖር የሚፈልግ ፍቅር የሚታመን አይደለም። ብዙ አደራ የተሰጠው ብዙ እንደሚፈለግበት ጌታ በሉቃስ 12፥48 አስተምሯል።

ይቅርታ

ወደ አሰልጣኟ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። ረጅም ንግግር አዘጋጅተን ነበር፤ እርሷ ግን ገና ስንጀምር "እንዴት ናት? ተኛች? ትምህርት ቤት ሄደች?" ብላ ጠየቀችን። ከዚያ "በየዓመቱ እንደዚህ የሚቆጣኝ ወላጅ አለ። ልጆቻቸውን ስለሚወዱ ነው" አለች። ሽፋን ሰጠችን። እኛ ግን ያን ቀን የወደድነው ምን እንደ ነበር እናውቃለን።

ልጃችን ወደ በረዶው የተመለሰችው ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት በደረጃ ነው። መጀመሪያ እረፍት፣ ቀጥሎ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ብቻዋን መንሸራተት፣ ከዚያ ልምምድ፣ በመጨረሻ ጨዋታ። ምልክቱ ከተመለሰ ወደ ኋላ። አሰልጣኟ አንድም ደረጃ አላዘለለቻትም፤ በልምምድ ላይ መሳተፍ ባልቻለችባቸው ቀኖች ግን ውኃ የምታድልና ሰዓት የምትይዝ አድርጋ ከቡድኑ ጋር አቆየቻት።

እኛም በመኪና ውስጥ የምናደርገውን ለወጥን። ድሮ ከጨዋታ ስንመለስ ሃያውን ደቂቃ ሙሉ "ለምን አላቀበልሽም? ለምን ዘገየሽ?" እንል ነበር። ሁለት ተጨማሪ አሰልጣኞች የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠውባት ነበር፤ ያውም ምንም ያልሠለጠኑ! አሁን የምንጠይቃት ሁለት ነገር ብቻ ነው። "ደስ አለሽ? የሚያምሽ ነገር አለ?" ለሁለተኛው ጥያቄ እውነቱን የነገረችን ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። "ትንሽ ጉልበቴን" አለች። ለእኛ ከየትኛውም ግብ የበለጠ ነበር።

ለእናንተ

አስተማሪ፣ አሰልጣኝ፣ የወጣቶች መሪ ወይም ወላጅ የሆናችሁ፣ አደራችሁ የሚለካው ልጁ ባገኘው ውጤት ብቻ አይደለም። በተጎዳ ጊዜ እውነቱን ለእናንተ ለመናገር አይፈራም ወይ? መለኪያው ይህ ነው። እንዲህ ያለ እምነት በአንድ ቀን አይገኝም፤ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ቀድሞ በመድረስ፣ ባለመቆጣት ጥቂት በጥቂት ይገነባል።

ጌታን ገና ያላወቃችሁ፣ እየፈለጋችሁት ያላችሁ ወዳጆቻችንም ይህን ስሙን። ምናልባት እናንተም ለብዙ ዓመታት አውራ ጣታችሁን እያነሣችሁ "ደህና ነኝ" ስትሉ ኖራችኋል፤ የሚያያችሁ ሰው ስለ በዛ። በዮሐንስ 10 ራሱን መልካም እረኛ ብሎ የገለጠ አንድ ጌታ አለ። ሞያተኛ ተኩላ ሲያይ ይሸሻል፤ እርሱ ግን ነፍሱን ስለ በጎቹ አኖረ። ከእናንተ የሚበላው ነገር የለውም። የሚያፍርባችሁ እንግዳ አልጋበዘም። ያመማችሁን ብትነግሩት አይቆጣም።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ልጆችን በእጃችን ስላኖርህ እናመሰግንሃለን። ከእነርሱ ክብር ስለ ፈለግንበት ጊዜ ይቅር በለን። በሮቻችንን ክፍት፣ ልባችንን ንጹሕ አድርግ። በስታዲየምና በአዳራሽ፣ በትምህርት ቤትና በሰንበት ክፍል ለታናናሾች የሚደክሙትን ሁሉ፣ የሚያውቁህንም ገና የማያውቁህንም፣ ባርካቸው። የታመመች ልጅ "አሞኛል" ልትለን የምትችል ሰዎች አድርገን። በመልካሙ እረኛ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ለማሰላሰል፦
1. በአደራ የተሰጡኝ ልጆች ሕመማቸውን ለእኔ ይናገራሉ ወይስ ከእኔ ይደብቃሉ?
2. ጥንቃቄ ሲጠየቅብኝ የሚከፋኝ ለምንድን ነው?
3. በቤተ ክርስቲያናችን ለገንዘቡ ያደረግነውን ጥበቃ ለልጆቻችን አድርገናል?